ለምን እንደመረጥን ከማን ሰማችሁ?

ለ97 ምርጫ ሃያኛ ዓመት ውይይት አዘጋጆች
ግልባጭ፦ በመራጩ ስም ለሚናገር ፓርቲ ሁሉ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ግንቦት 2017 ላይ ያዘጋጃችሁት ውይይት ላይ ነበርኩ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የሻይ ዕረፍቱ ብስኩት ከተደረደረበት ጠረጴዛ ጎን። መድረኩ ላይ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ የቀድሞ የፓርቲ ሰዎች፣ አንዱ ምሁር፣ አንዱ ጋዜጠኛ። የውይይቱ ርዕስ መራጩ በ1997 ለምን ያኛውን ትቶ ይሄኛውን መረጠ የሚል ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ መራጩ ተወራ። ከመራጩ አንድ ሰው አልተናገረም። ለጥያቄ የታደለችውን ብጣሽ ወረቀት ሞልቼ ለአስተባባሪዋ ሰጠሁ፣ ሰዓት አልቋል ተባለ። ይሁን፣ ሰዓት ያልቃል። ቆይቶ ግን ሪፖርታችሁ ወጣ። እዚያ ላይ የአዲስ አበባ ድምፅ «በስሜት የተሰጠ የተቃውሞ ድምፅ» ነው ብላችሁ ዘጋችሁት። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አስገባሁ። አንዱን ጸሐፊዋ ማኅተም መትታ ተቀበለችኝ፣ ሁለተኛውን ጥበቃው «እሰጥልሃለሁ» ብሎ ወሰደልኝ። መልስ የለም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት።

ማን ነህ ልትሉኝ ትችላላችሁ። በ1997 አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ሱቋ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ዓይነት ናት። ፓርቲ ገብቼ አላውቅም። ታዛቢም ሆኜ አላውቅም። ግን የሰፈሬ ሰው ለምን ማንን እንደሚመርጥ እዚያች ሱቅ ውስጥ ሲነጋገር ወራት ሙሉ ሰምቻለሁ።

ያኔ ላልተወለዱ ወይም ሕፃን ለነበሩ በአጭሩ ልበል። ምርጫው ግንቦት 7 ቀን 1997 ነበር። ምልክቱ ንብ የሆነው ኢህአዴግ ከ1983 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ነበር። ቅንጅት ደግሞ አራት ፓርቲዎች፣ መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዲሊ፣ አንድ ላይ ሆነው የመሠረቱት ነው፤ ምልክቱ ሁለት ጣት። አዲስ አበባ ለፓርላማ 23 ወንበር ነበራት፣ ሁሉንም ቅንጅት ወሰደ። ለከተማው ምክር ቤት ከነበሩት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። በአገር ደረጃ፣ ድጋሚ ምርጫው ሁሉ ካለቀ በኋላ በይፋ የተነገረው ከ547 ወንበር ኢህአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት የተባለው ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ 52 የሚል ነው። ይህ ቁጥር ስንት ጭቅጭቅ እንዳስነሳ ታውቃላችሁ። ዛሬ እሱን ልቆፍር አልመጣሁም። የመጣሁት «ለምን» ለምትለዋ ነው።

አንደኛ፣ ያቺ «የተቃውሞ ድምፅ» የምትሏት ነገር።

ሕዝቡ ንብን ጠልቶ ነው እንጂ ሌላውን አስቦበት አልመረጠም ማለታችሁ ነው። እስቲ አንድ ደንበኛዬን ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጣሪያቸው ያፈሳል። ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሊቀመንበሩ የለም፣ ነገ ይምጡ። ነገ ይሄዳሉ፣ ስብሰባ ላይ ነው። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ውሃው ቴሌቪዥናቸው ላይ ወርዶ ፍላይባክ የሚባለው ዕቃው ተቃጠለ፣ እኔ ጋ የመጡት በዚያ ነው። ስለ ፓርላማ ብዙ አያወሩም። የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እኔ መንግሥት የማውቀው ያንን ልጅ ነው»። ያ ልጅ ማለት የቀበሌው ሰው ነው። ሌላ ፓርቲ ከመጣ ያ ልጅ ይነሳል፣ እሱ ከተነሳ ጣሪያዬን እቀይራለሁ ብለው አስበው፣ ክራቫታቸውን አስረው ሄደው መረጡ። ይሄ ስሜት ነው? ቀዝቃዛ ስሌት ነው እንጂ። ስሌቱ ልክ ነበር ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። ጣሪያው ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን አፍስሷል።

ከመድረኩ አንዱ «ከተማዋን እያለማናት ሕዝቡ ለምን ጣለን?» ብለው ሲገረሙ ሰማሁ። እውነት ነው፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ ከሆኑ በኋላ መንገድ ተሠርቷል፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሯል። ሰውየው በሰፈራችን አይጠሉም ነበር። እንዲያውም ይመሰገኑ ነበር። በዚያው ዓመት ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ በዚያው ዓመት ሁለት ጣትን የመረጠ ስንት ሰው አውቃለሁ፣ አንዱ እኔ ነኝ። (አዎ፣ የ97 ተመዝጋቢ ነኝ። ስለሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።) ለእናንተ ይሄ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ለእኛ አልነበረም። ከንቲባው ሠሩ፣ እሰየው። ንብን ስትመርጥ ግን ከንቲባውን ብቻ መርጠህ አትወጣም። ቀበሌውም አብሮ ይመጣል፣ ካድሬውም ይመጣል፣ ዲፕሎማ ይዞ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠው ልጅህ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ «የድርጅት አባል ነህ?» የምትለዋ ጥያቄም አብራ ትመጣለች።

ሁለተኛ፣ «በቴሌቪዥን ክርክር ተታለሉ»።

ይቺ ሙያዬንም ስለምትነካ ትንሽ ልቆይባት። ክርክር የሚተላለፍበት ቀን ሲቃረብ የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ይበዛ ነበር። ልብስ ሰፊ ጋ ለፋሲካ አድርስልኝ እንደሚባለው «ለክርክሩ አድርስልኝ» ይሉኛል። እኔ ጋ ደግሞ ተጠግኖ ያልተወሰደ አንድ ባለ 21 ኢንች ነበር፣ ባለቤቱ ሒሳቡ አጥሮት የተወው። እሱን ካርቶን ላይ ሰቅዬ ፊቱን ወደ በሩ አዞርኩት። ሱቋ ሞልታ መንገዱ ላይ ይቆማሉ። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ስለሚረበሽ አንድ ልጅ አንቴናውን ይዞ እንዲቆም ተመደበ። ልጁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ስለሆነ ምንም አያይም። በየመሃሉ «አሁን ማነው የሚያወራው?» ይላል። ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ «ዝም በል፣ አትነቅንቀው!»

ምን አየን? የእነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን፣ የእነ ልደቱ አያሌውን አንደበት አይተናል፣ አልክድም፣ አፍ ያስከፍታል። ሱቄን ፀጥ ያሰኛት ግን እሱ አልነበረም። ባለሥልጣን ሲጠየቅ ማየት ነው። እስከዚያ ድረስ ባለሥልጣንን በቴሌቪዥን የምናውቀው ሪባን ሲቆርጥ ወይም እኛን ሲመክር ነው። ያን ጊዜ ግን ሰዓት ሲቆጠርበት፣ ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው «ጥያቄዬ አልተመለሰም» ሲለው አየን። ጉልት ላይ ቃሪያና ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «እንዲህም ይጠየቃሉ እንዴ?» አለች። ማንን እንደመረጠች አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም። ግንቦት 7 ግን ከእኔ ፊት ሰልፍ ላይ ነበረች፣ ልጇን አዝላ።

ስለዚህ ተታለላችሁ አትበሉን። ክርክሩ ያደረገው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ጎን ለጎን ሲታይ ያነሰበት ሰው ቴሌቪዥኑን ይከሳል። እኔ እንደ ጠጋኝ መርምሬዋለሁ፣ ብልሽቱ ከቴሌቪዥኑ አይደለም።

እንዲያውም በዚያው ቴሌቪዥን ኢህአዴግ የራሱን ድምፅ ሲያባርር አይቻለሁ። ዘመቻው ሊያልቅ ሲል ተቃዋሚውን ከሩዋንዳው ኢንተርሐምዌ ጋር ማመሳሰል መጣ። ሱቄ ውስጥ ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም፣ «ምንድን ነው እሱ?» ተባባልን። አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ አስረዳን፦ ሩዋንዳ ውስጥ ጎረቤቱን የጨፈጨፈው ሚሊሻ ነው። ዝም ተባለ። እዚያ የነበርነው ሰዎች በብሔር ብንቆጠር አራት አምስት ዓይነት ነን፣ አንድ ዕድር ውስጥ ያለን። እስከዚያ ምሽት «እኔ ንብን ነው» ሲል የከረመ አንድ የጫማ ነጋዴ «እኔ ነኝ ጎረቤቴን የማርደው?» ብሎ ተነሳ። እሱ ሰው በስሜት አልተነዳም። ተሰድቦ ነው የሄደው።

ስለ ሰልፎቹም ብዙ አላችሁ። ሚያዝያ 29 ኢህአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ሞላው። ያንን ሕዝብ አይታችሁ «ጅምላ ስሜት» አላችሁት። በሁለቱም ቀን የወጣ ሰው አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር፣ በሁለተኛው ከልጆቹ ጋር። የቱ ላይ ድምፁን እንደሰጠ መገመት አይከብድም።

ሦስተኛ፣ የባድመ ነገር። ሪፖርታችሁ ውስጥ አንድ መስመር ነው ያገኘችው።

ጎረቤታችን አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው ከ1990 እስከ 1992 በነበረው ጦርነት ባድመ ግንባር ቀርቷል። ባድመ ተመልሳ ስትያዝ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ጨፍሯል፣ እሳቸውም ወጥተዋል። በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ኅዳር 1997 ላይ ደግሞ መንግሥት ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» መቀበሉን ተናገረ። ሰውየው በዚያ ሰሞን ሬዲዮናቸውን አምጥተውልኝ ነበር። ጠግኜ ስሞክረው ዜና ላይ ደረሰ፣ አብረን ሰማን። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ልጄም የሞተው በመርህ ደረጃ ነው?» አሉኝ። ሬዲዮውን ብርድ ልብስ ቁራጭ ውስጥ ጠቅልለው ሄዱ። የጠየቅኳቸውን ሒሳብ መክፈላቸውን ረስተዋል፣ እኔም አላስታወስኳቸውም።

እኚህ ሰው ስለ መሬት ፖሊሲ፣ ስለ አንቀጽ 39፣ ስለ ምንም አይከራከሩም ነበር። አንድ ምክንያት ነበራቸው። እናንተ ግን «የኑሮ ውድነትና ሥራ አጥነት» የሚል ሣጥን ውስጥ ከተታችኋቸው።

አራተኛ፣ ይሄኛው እኛንም ይመለከታል። ንብን የመረጡትን ሰዎች ከሰው አልቆጠራችኋቸውም።

መድረኩ ላይ «ገበሬው ፈርቶ ነው የመረጠው» ሲባል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄ ቀድሞኝ። ቤት ስገባ አጎቴ ትዝ አለኝና አፈርኩ። የእናቴ ወንድም ነው፣ ወሎ ውስጥ ያርሳል። በ97 ንብን መረጠ። በዚያው ክረምት ለተዝካር ስንገናኝ ያዝኩት፣ «ምን ነካህ?» አልኩት፣ ያኔ ወጣት ነኝ፣ አፌ አያርፍም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ቅንጅት መሬት የግል ይሁን ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እኔ ከተሜው የግል ይሁን ሲባል ነፃነት ይታየኛል። እሱ ግን የታየው ሌላ ነው። «ዝናብ ከጠፋ በሬዬን እሸጣለሁ። በሬው ካለቀ ደግሞ መሬቱን እሸጣለሁ። ያኔ የሚገዛኝን ሰው አሁን ስሙን ልንገርህ?» አለኝ። ስሙን ነገረኝም፣ የወረዳው ከተማ ነጋዴ ነው። ሌላም ጨመረ። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ ታናሽ ወንድሙ ከገበያ ተወስዶ አልተመለሰም። «እነዚህ ሲመጡ አፈሳው ቀረ። ልጄ ገበያ ሄዶ ይመለሳል።»

ይሄ ፍርሃት ነው? ወይስ ምክንያት? ደግሞ ሁሉም ንጹሕ ነበር ልላችሁ አይደለም። ማዳበሪያውን በዱቤ የሚያከፋፍለው፣ ዕዳውን የሚሰበስበው፣ ስብሰባ የሚጠራውና ለንብ የሚቀሰቅሰው አንድ ሰው ነው። «ጣቴን ቀለም ሲቀቡኝ እሱ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለኝ አጎቴ ራሱ። እንግዲያው አምነህ ነው የመረጥከው ወይስ ሰውየውን ፈርተህ ብዬ ድርቅ አልኩበት። ሳቀብኝ። «ሰርገኛ ጤፍ ውስጥ ነጩን ከቀዩ ለቅመህ ታውቃለህ?»

እናንተ ግን ለቅማችሁ ጨርሳችኋል። ከተሜው ስሜት፣ ገበሬው ፍርሃት። ትግራይ ውስጥ 38ቱም ወንበር ለኢህአዴግ መሄዱን ደግሞ «የሚጠበቅ ነው» ብላችሁ አለፋችሁት። ማን ጠበቀው? አንድ የአድዋ ገበሬ፣ አንዲት የመቀሌ አስተማሪ ጠይቃችኋል? በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ከግንባር ስንት ሰዓት መንገድ እንደነበር ጠይቃችኋል?

አዲስ አበባም ውስጥ ንብን የመረጡ ነበሩ። ግንቦት 7 ሌሊት በእኛ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በባትሪ ካነበቡት አንዱ ነኝ። ከፊቴ የነበረው ልጅ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከኋላ ያለው ያጨበጭባል። ሁለት ጣት በብዙ ይበልጣል። ግን ንብም ከመቶ በላይ ነበራት። ከመቶ በላይ ጎረቤቶቼ ናቸው። በእኛ የምርጫ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ ስለሚያልፍ «23 ከ23» ሲባል እነሱ ከታሪክ ወጡ። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ «እኔ ንብን መርጬ ነበር» የሚል ሰው አልነበረም። ያን ያደረግነው እኛ ነን እንጂ መንግሥት አይደለም።

አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው። እዚህ ላይ አልረዝምም።

በምርጫው ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ መከልከሉን በቴሌቪዥን ተናገሩ። ሰኔ 1 መጣ፣ ተኩስ። ጥቅምት 22 ቀን 1998 መጣ፣ ድጋሚ ተኩስ። ፓርላማው ካቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የወጣው ቁጥር 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ሞተዋል ይላል። በሪፖርታችሁ «ድኅረ ምርጫ አለመረጋጋት» ተብሏል። ሱቄ ውስጥ አንድ ቴፕ ሪኮርደር አለ። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት «ካሴት ይበላብኛል» ብሎ ያመጣው፣ ስሙን በወረቀት ጽፌ የለጠፍኩበት። ጠገንኩለት። አልመጣም። ታሰረ ይሁን፣ ደዴሳ እስር ካምፕ ተወሰደ ይሁን፣ አገር ለቀቀ ይሁን፣ ወይ ደግሞ ያ ሌላኛው ይሁን፣ እስከዛሬ አላወቅሁም። ሱቅ ስቀይር ይዤው ተዛውሬያለሁ።

የመረጥናቸው ደግሞ ፓርላማ እንግባ አንግባ ብለው ተከፋፈሉ፣ ዋናዎቹ ታሰሩ፣ 137 ሰው የመረጥንለት ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ከተማዋ ባላደራ አስተዳደር ተሾመላት። ድምፃችን ለምን እንደተሰጠ ያልጠየቀን አሸናፊ ነኝ የሚለው ብቻ አይደለም። የሰጠነውም ከሁለት ሲከፈል የትኛው ክፋይ የእኛን ምክንያት ይዞ እንደሄደ አልነገረንም። ግልባጩን ለፓርቲዎች ሁሉ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ በ2002 የሆነውን የተረጎማችሁበት መንገድ።

በ2002 ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545 አገኙ። አዲስ አበባ ላይ ከ23 አንዷ ብቻ «መድረክ» ለሚባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ሄደች። ከተወያዮቻችሁ አንዱ ይህንን «ሕዝቡ ስህተቱን አረመ» አሉት። ሌላኛው «ሕዝቡ ተገዛ» አሉት። ሁለቱም እየተጯጯሁ እኔ ብስኩቱ ጋ ቆሜ ነበር። ምክንያቱም እኔ በ2002 ንብን መርጬአለሁ።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ባለቤቴም ይህንን ስታነብ ነው የምታውቀው። ለምን ብትሉኝ እነግራችኋለሁ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቼ ሼድ አግኝቻለሁ። አምስት ሆነን ነው የተደራጀነው። መብራት ነበረው፣ ኪራዩም ከሱቄ ያነሰ ነው። ፎርሙን ስንሞላ ማንም ምረጡን አላለንም። ማለትም አላስፈለገውም። ግንቦት ሲመጣ ግን አንዱ ባልደረባችን «ካርድ አውጥታችኋል አይደል?» እያለ ዙሪያችንን ይዞር ነበር፣ እሱ የአንድ ለአምስቱ፣ የድርጅቱ አደረጃጀት፣ ጠርናፊ ነው። የቅንጅት ሰዎች ደግሞ ከእስር ወጥተው አንዱ እዚህ፣ አንዱ ውጭ አገር፣ አንዱ ተመልሶ እስር ቤት። በዚያ ላይ ቴፕ ሪኮርደሩ መደርደሪያ ላይ አለ። ሁሉንም ደምሬ፣ ካርቶን ከለላው ውስጥ ገብቼ፣ ንብ ላይ ምልክት አደረግኩ። ደስ አላለኝም፣ ተገድጃለሁም ለማለት አልችልም። ስህተት ማረም አልነበረም። መገዛትም አልነበረም፣ ወይም ከሆነም በከፊል ነው። አጎቴ ሰርገኛ ያለው ይሄን ነበር።

አንድ ሰው ነኝ። በአምስት ዓመት ልዩነት ሁለት ፓርቲ መረጥኩ፣ ሁለቱንም በምክንያት። ሪፖርታችሁ ውስጥ ራሴን ብፈልግ የለሁም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦

በሪፖርታችሁ ላይ «በስሜት የተሰጠ የተቃውሞ ድምፅ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ወይ አንሱልን፣ ወይ ደግሞ ይህንን ለማለት ስንት መራጭ እንዳነጋገራችሁ ከሥሯ ጻፉ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ።

በሚቀጥለው መድረክ ላይ ቢያንስ ግማሹ ወንበር ለመራጮች ይሁን። ከከተማም ከገጠርም፣ ሁለት ጣት የመረጠም ንብ የመረጠም ኅብረት የመረጠም። ጉልት የምትሸጥ እናት ስትጠሩ ደግሞ የዕለት ገበያዋን ካሳ ክፈሉ፣ አበል ለምሁራኑ ብቻ አይደለም።

በሕይወት ያሉትን አነጋግራችሁ ቃላቸውን መዝግቡ። ሃያ ዓመት አልፏል። ጋሼ ሞተዋል፣ የባድመው አባትም ሞተዋል፣ አጎቴ አርጅቷል፣ ጆሮው ከብዷል፣ ቶሎ ካልሄዳችሁ እሱም አይደርስላችሁም። መናገር የሚፈራ ስሙ አይጻፍ። መቅጃ ከሌላችሁ እኔ አውሳችኋለሁ፣ ጠግኜ አስቀምጬአለሁ።

በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ የነበረው ውጤት የት እንዳለ አፈላልጋችሁ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ጠይቁ። ወንበር ሲቆጠር የጠፉት ጎረቤቶቼ እዚያ ወረቀት ላይ አሉ።

ፓርቲዎችም «ሕዝቡ መርጦናል» ወይም «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ስትሉ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ከአንድ የምርጫ ክልል እንኳ ጠይቃችሁ አምጡ። ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። አድራሻዬ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ፣ ማኅተም ከተመታበት ቀጥሎ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
በ1997 መሳለሚያ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ የነበረ፣
የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ፣
አሁንም መራጭ